አራስ ቤት ለቆ ሥራ ፍለጋ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ለእናት የሚሆን ቀጣሪ የትኛው ነው?

ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ሥራ መፈለግ ስጀምር ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ስንት ይከፍላሉ?» እናቴ ጠየቀችኝ። ጎረቤቴ ጠየቀችኝ። የባሌ እኅት ሳትቀር ከሸዋ ሮቢት ደውላ ጠየቀችኝ። «ልጁ ቢያተኩሰው ይለቁሻል ወይ?» ያለኝ ግን አንድ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ሳልጠይቅ ገባሁ፣ አምስት ወር ሳይሞላኝ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች መሥሪያ ቤቶችንም ከውስጥ አይቻለሁ፣ ጓደኞቼ ደግሞ ሌላ ሌላውን አይተዋል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ወይም አካባቢዋ ያለሽ፣ ወልደሽ ወደ ሥራ ልትመለሺ የምታስቢ ከሆንሽ የትኛው በር ለማን እንደሚሆን ላወዳድርልሽ። ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ያለሽም ብዙው ይመለከትሻል። የፋብሪካውን ነገር ብቻ ልትዘዪው ትችያለሽ።

መጀመሪያ ሕጉ፣ ባጭሩ

የግል ድርጅት ከሆነ የሚመለከትሽ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። ከመውለድሽ በፊት 30 ቀን፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጥሻል፣ ሁለቱም ከነደሞዙ። እርጉዝ ሆነሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ አያሠሩሽም፣ ትርፍ ሰዓትም አያስገቡሽም። በመውለድሽ ምክንያት ማሰናበትም ክልክል ነው። ለአባትየው 3 ቀን አለው። ሦስት ቀን! የገንፎው ድስት ሳይታጠብ ሥራ ይገባል ማለት ነው።

እስከዚህ ጥሩ ነው። አሁን ቀኑን ቁጠሪው። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይሉሻል። ሕጉ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይልሻል። መሐል ላይ የቀረችው ሦስት ወር ባለቤት የላትም፣ ቀጣሪሽ ደግ ከሆነ ደግ ያደርግልሻል፣ ካልሆነ ጡትሽ ቀሚስሽን እያረጠበው ትሠሪያለሽ። ቀጣሪና ቀጣሪ ሲወዳደር የሚለየው እዚች ላይ ነው።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት የሕመም ፈቃድ ነው። የሕመም ፈቃድ ለራስሽ ሕመም ነው። ልጅሽ ሲታመም የምትወጪው ከዓመት ፈቃድሽ ተቀንሶ ነው፣ እሱም ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ከባድና ድንገተኛ ነገር ሲገጥምሽ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደሞዝ መውጣት ትችያለሽ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። አዲስ ቅጥር ስትሆኚ ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሊያደርጉብሽ ይችላሉ፤ በዚያ ጊዜ «አልሆንሽንም» ብለው ማሰናበት በጣም ቀላል ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ብትሠሪ አሥር ሳምንት መሆኑ ነው። ልጅ ማዋያ ሲገባ ደግሞ የመጀመሪያውን ሰሞን ጉንፋን፣ ተቅማጥ፣ ሳል ይፈራረቅበታል። ስለዚህ ልጁን ማዋያ የምታስገቢበትና ሥራ የምትጀምሪበት ሳምንት አንድ አይሁን። ከቻልሽ ልጁን በአንድ ወር አስቀድመሽ አስለምጂው፣ መጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ሙሉ ቀን። ገንዘቡ ይቆጫል፣ አውቃለሁ። ግን ሙከራሽን በልጅ ሕመም አታቃጥዪውም።

ፋብሪካ

ደብረ ብርሃን ላይ ድሮ ፋብሪካ ሲባል የብርድ ልብሱ ነበር። አሁን ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ቢራ ፋብሪካዎቹ አሉ፣ መንገዱን ይዘው የተደረደሩት ሌሎቹም አሉ። ቅጥር ቶሎ የሚገኘውም እዚያ ነው። ልምድ ብዙ አይጠይቁም፣ ሥልጠናውን ራሳቸው ይሰጣሉ፣ በወሊድ የተነሣ ሁለት ዓመት ቤት ብትውዪም «የት ነበርሽ?» የሚልሽ የለም። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሌላ ቦታ ያ ሁለት ዓመት እንደ ወንጀል ነው የሚታየው።

ችግሩ ፈረቃው ነው። የጠዋቱ ፈረቃ 12 ሰዓት የሚገባ ከሆነ ሰርቪሱ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ሰው ይለቅማል። የታኅሣሥን ንጋት የምታውቂው ነው፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፣ ሜዳው ውርጭ መትቶት ነጭ ሆኖ ያድራል። በዚያ ሰዓት የአራት ወር ልጅ በጋቢ ጠቅልለሽ የትም አታደርሺም፣ የሚከፈት ማዋያም የለም። ስለዚህ የፈረቃ ሥራ የሚሆነው ቤትሽ የሚያድር ሰው ላላት ነው፤ እናትሽ ትሁን፣ እኅትሽ ትሁን ወይ ሠራተኛ ትሁን። የሚያድር ሰው ከሌለሽ ደሞዙን አትጠይቂው፣ ልብሽን ብቻ ነው የሚያንጠለጥለው።

ሁለተኛው ስልክ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም። እኔ የገባሁበት ልብስ ስፌት ስልክ መግቢያው ላይ ሎከር ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚዋለው። አንድ ቀን ልጄን የምትይዝልኝ ልጅ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምራ ስትደውል ውላለች፣ እኔ ያየሁት 8 ሰዓት ላይ ስወጣ ነው። አሥራ አንድ ሚስኮል። ልጁን አተኩሶት፣ ጎረቤት አዝላው ጤና ጣቢያ ወስዳው፣ መድኃኒት ተሰጥቶት ተመልሶ ተኝቷል። ተመስገን ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ማሽኑ ላይ የምቀመጠው አካሌ ብቻ ነበር። በማግስቱ ሱፐርቫይዘሯን «ቢያንስ የቢሮውን ቁጥር ለቤት ልስጣቸው?» ብላት «ለሁሉም እንዲህ ካልን መስመሩ ይቆማል» አለችኝ። በእሷ በኩል ሲታይ ውሸት አይደለም። አንዷ ከተነሣች ከኋላዋ ያለችው እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፣ ኮታው ሳይሞላ ሲቀር ደግሞ የሚጠየቁት እሷን ነው። ልጅ ያላት እናት መስመር ላይ የማይመቻት ሰዎቹ ክፉ ሆነው ብቻ አይደለም፣ ሥራው ራሱ የተሠራው ሰው እንዳይነሣ ሆኖ ነው።

ፋብሪካ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አንዲት ጓደኛዬ ያለችበት የሠራተኛ ማኅበሩ ጠንካራ ነው፣ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር በተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ላይ ልጁ ዓመት እስኪሞላው እናት የሌሊት ፈረቃ እንዳትገባ አስጽፈዋል። ያቺ ደሞዟ ከእኔ ያንስ ነበር። እሷ እዚያው አለች፣ እኔ የለሁም። ስለዚህ ፋብሪካና ፋብሪካ ስታወዳድሪ ማኅበር አለ ወይ፣ የኅብረት ስምምነት አለ ወይ፣ ካለ የእናቶች ነገር ምን ይላል ብለሽ ጠይቂ። በዚያው ፋብሪካ ውስጥም መስመር ላይ በመቀመጥና ስቶር ወይም ቢሮ በመሥራት መካከል የሰማይና የምድር ልዩነት አለ። ስቶሩ ብዙ ጊዜ ቋሚ የቀን ነው። በአንድ ሺህ ብር ቢያንስ እንኳ እሱን ያዢ።

ትርፍ ሰዓትን አትርሺ። ሕጉ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያሳልፍም፣ የቀኑ ክፍያ ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ገንዘቡ ደስ ይላል። ግን «ዛሬ ሁለት ሰዓት ትቆያላችሁ» የሚባለው መቼ ነው የሚነገረው? ከትናንት ወዲያ ከሆነ ይቻላል። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆነ ልጅ የያዘችልሽ ሰው ወር ሳይሞላ ጥላሽ ትሄዳለች።

መንግሥት ቤት

የግሉ ሕግ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ያሠራል። የመንግሥት ሠራተኛ 39 ነው። ዘጠኝ ሰዓት ማለት አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ከነምርቃቱ ነው። ቅዳሜ ቤትሽ ነሽ፣ ልጅ ታጥቢያለሽ፣ ገበያ ትወጪያለሽ። ስልክሽ እጅሽ ላይ ነው። ልጁ ሲታመም አለቃሽን አስፈቅደሽ ትወጪያለሽ፣ ነገ ታካክሺዋለሽ፣ መስመር ቆመ የሚልሽ የለም። ለእናት ከዚህ የሚሻል የሥራ ጠባይ እኔ አላየሁም።

ደሞዙን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ አላወራውም።

ትልቁ ጥያቄ የት ትመደቢያለሽ የሚለው ነው። ከተማው ላይ ክፍት መደብ ሲወጣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር የሚሰለፈውን ሰው አይተሽዋል። የሚገኘው ብዙ ጊዜ ወረዳ ነው። «ልግባና እዛወራለሁ» ብለሽ መንዝ ወይም መርሐቤቴ ከገባሽ ዝውውሩ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፣ ልጁን እናትሽ ጋር ትተሽ ቅዳሜ ቅዳሜ መመላለስም መንገድ በየጊዜው በሚዘጋበት በዚህ ዘመን የሚታመኑበት ነገር አይደለም። አንዲት ዘመዴ ሄዳ ሦስት ሳምንት ልጇን ሳታይ ቀርታለች። ጡት በዚያው ነጠፈ። የምትመደቢበት ቦታ ልጁን ይዘሽው የምትኖሪበት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ የወረዳ ከተማ ላይ ቤት ኪራዩ ይቀላል፣ ቢሮው ለቤት ቅርብ ነው፣ በምሳ ሰዓት ሄደሽ ታጠቢያለሽ።

የመስክ ሥራ ያለበትን መደብም ለይተሽ እይ። ማኅደር ክፍልና የግብርና ባለሙያ ሁለቱም መንግሥት ቤት ናቸው፣ ኑሯቸው ግን አይገናኝም። ዘመቻ በመጣ ቁጥር ቀበሌ የሚወርደው ማን እንደሆነ ጠይቂ።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለአባት 10 የሥራ ቀን ሰጥቶ፣ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ ያዘጋጁ ብሎ ነበር። ክልሉ የራሱ አዋጅ አለው፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የፌዴራል ነው። ስለዚህ እዚሁ ከተማ ሁለት መንግሥት ቤት ሁለት ዓይነት ሕግ ይዞ ታገኚያለሽ። የሰው ሀብቱን «አንቀጹን አሳዩኝ» በይው፣ ነውር የለውም። «የሕፃናት ማቆያ አለን» ካሉሽም ሂጂና ፍራሹን እይው። በሩ ላይ ተጽፎ ውስጡ የተሰበረ ወንበር የታጨቀበት ክፍል በዓይኔ አይቻለሁ።

ባንክ፣ ሆቴል፣ ሱቅ

ባንክ ደሞዙም ጥቅማ ጥቅሙም ደህና ነው። ግን ቅዳሜ አለ፣ ሰኔ ላይ የሂሳብ መዝጊያው አለ፣ ገንዘብ ቤት ከሆንሽ ደግሞ ሂሳቡ ካልገጠመ የልጅ እናት ነኝ ብሎ መውጣት የለም። ወደ ሌላ ቅርንጫፍ መዛወርም አለ። ባልሽ ወይም እናትሽ ማታ ልጁን የሚረከብሽ ከሆነ ግቢበት።

ሆቴልና ካፌ ለአራስ አልመክርም። ሰው በዓል ሲሆን አንቺ ሥራ ላይ ነሽ፣ ማታ ነው፣ ለሊት ባጃጅ ነው። አበቃ።

የሰፈር ሱቅ ወይም የሰው ፋርማሲ ግን አትናቂ። ጠባሴ ያለች አንዲት የማውቃት ልጅ የሰው ሱቅ ተቀጥራ ልጇን ከመደርደሪያው ኋላ አስተኝታ ነው ያሳደገችው። ባለሱቋ ራሷ አራት የወለደች ናት። እንዲህ ያለ ቤት ሕግም ወረቀትም የለውም፣ ሁሉ ነገር የባለቤቷ ፊት ነው፤ ስትስቅ ትስቂያለሽ፣ ስትቆጣ ትወጪያለሽ። ጡረታ መቆረጡን ጠይቂ። ከአንቺ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ካልተቆረጠ ያ 11 በመቶ ከደሞዝሽ ላይ እየጎደለ ነው ብለሽ አስቢው።

የግል ትምህርት ቤት

እኔ አሁን ያለሁት እዚህ ነው፣ ስለዚህ አድልዎ ቢኖርብኝ አትፍረጂብኝ። መምህር ብቻ አይደለም፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ረዳት ሁሉ ይቀጠራል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ልጅሽ ከደረሰ ይዘሽው ትገቢያለሽ፣ ይዘሽው ትወጪያለሽ። ብዙዎቹ ለሠራተኛ ልጅ ክፍያ ይቀንሳሉ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ አያስከፍሉም። ትምህርት ሲዘጋ አንቺም ትዘጊያለሽ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ «ልጁን የት ላድርገው» የለም።

ጉዱ ውሉ ላይ ነው። አንዳንዱ የአሥር ወር ውል ያስፈርምና ክረምቱን አይከፍልም። የተነገረሽን ደሞዝ በአሥር አባዝተሽ ለአሥራ ሁለት አካፍዪው፣ የእውነት ደሞዝሽ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ልጅሽ ገና ሕፃን ከሆነ ይኼ ሁሉ ምቾት አሁን አይደርስሽም፣ መዋዕለ ሕፃናት አይቀበለውማ። መምህር ከሆንሽ ደግሞ ፈተና ሲደርስ እርማቱ ቤት ይገባል። አራት ክፍል ብታስተምሪ ሁለት መቶ ወረቀት ነው፣ ልጅሽ አንዱን ይቀድልሻል።

የድሮው ቀጣሪሽስ?

ሰው አዲስ ነገር ላይ ዓይኑ ይሄዳል። ካልለቀቅሽ ግን መጀመሪያ የድሮውን እይ። እዚያ የሙከራ ጊዜ የለብሽም፣ የዓመት ፈቃድሽ ተጠራቅሟል፣ ጠባይሽን ያውቃሉ። እኔ ትልቋን ስወልድ የነበርኩበትን ቤት በሁለት ሺህ ብር ልዩነት ጥዬ ባልወጣ ኖሮ ይኼን ሁሉ አልጽፍም ነበር። የወሊድ ፈቃድሽ ሳያልቅ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀር ሄደሽ አለቃሽን አነጋግሪ፣ ልጁን አዝለሽ ሂጂ። ሰው ልጅ ሲያይ ይራራል። «የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከምሳ በኋላ በአንድ ሰዓት ቀድሜ ልውጣ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት ቀድሜ ልግባ» የመሰለ ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቂ። «ትንሽ ቢያስቡልኝ» ካልሽ ማንም አያስብልሽም።

ጡትሽን እያለብሽ ለማስቀመጥ ካሰብሽም የሚቆለፍ በር ያለው ክፍል ጠይቂ፣ ዕቃ ቤትም ቢሆን። የታለበ ወተት ከፍሪጅ ውጭ ቢበዛ ለአራት ሰዓታት ይቆያል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ያግዝሻል፣ ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ከሆንሽ ግን ያለ በረዶ አትመኚው።

ሂሳቡን አንድ ጊዜ ሥሪው

የፋብሪካው 9,000፣ የትምህርት ቤቱ 7,000 ነው እንበል። (ምሳሌ ነው፣ የራስሽን ቁጥር አስገቢ።) ለፋብሪካው የምታድር ሠራተኛ ያስፈልግሻል፤ ደሞዟ 3,000፣ ምግቧ፣ ሳሙናዋ፣ ልብሷ ሌላ 2,000 ቢሆን 4,000 ቀረሽ። ለትምህርት ቤቱ ከጠዋት እስከ 10 ሰዓት የሚይዝልሽ ማዋያ 2,000 ቢሆን፣ ባጃጅ 600 ቢሆን 4,400 ቀረሽ። ትንሹ ደሞዝ በለጠ። ልጅሽን በነፃ የምትይዝልሽ እናት ካለችሽ ደግሞ ሂሳቡ ይገለበጣል፣ ፋብሪካው ያሸንፋል። «ነፃ» ስል የእናትሽ ወገብ ነፃ ነው ማለቴ አይደለም፣ በዓመት በዓል ቀሚስ ግዢላት።

በሩ ላይ የሚገኘው መረጃ

ቃለ መጠይቅ ላይ «ልጅ አለሽ?» ይሉሻል። አትዋሺ፣ ግን እዚያ አታቁሚው። «አለኝ፣ የሚይዝልኝ ሰው አለ፣ እሷ ባትመች እናቴ አለች» በይና ጨርሺው። ከዚያ አንቺም ጠይቂ። ብዙ አያስፈልግም፣ አንዲት ጥያቄ ትበቃለች፤ «እዚህ ቤት መጨረሻ የወለደችው ማን ናት? ተመልሳለች?» ቀጣሪው ስሟን ወዲያው ከጠራልሽ ጥሩ ነው። ጣራ ጣራውን ካየ ገብቶሻል። የተስማማችሁበትን ነገር፣ ቋሚ የቀን ነሽ ያሉሽን፣ ክረምቱ ይከፈላል ያሉሽን ሁሉ ውሉ ላይ አስጽፊና ኮፒውን ይዘሽ ውጪ።

ከቃለ መጠይቁ በፊት ደግሞ ሰው በሚወጣበት ሰዓት በሩ ላይ ሂጂና ቁሚ። ሻይ የምትሸጥ ሴት አትጠፋም። እሷ የሰው ሀብት ኃላፊው የማያውቀውን ታውቃለች፤ ማን ለቀቀ፣ ማን አለቀሰ፣ ደሞዝ በስንት ቀን ይዘገያል። እኔ አሁን ያለሁበት ትምህርት ቤት በር ላይ ሄጄ ሻይ አዝዤ «እዚህ ግቢ ውስጥ ወልዳ የተመለሰች አለች?» አልኳት። ብርጭቆውን እያለቀለቀች በአገጯ ጠቆመችኝ። «ያቺ ነጭ ነጠላ የለበሰችው ሁለት ወልዳ እዚሁ ናት፣ አሁን ሦስተኛውን ይዛለች።» ሂሳቤን ከፍዬ፣ ማመልከቻዬን በዚያው አስገብቼ ወደ ቤት ገባሁ።